ከደጅ የምትታየው ሴትዮ

ሚስት ሊያገባ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሴቲቱ ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰው የጭቃ ቤት ውስጥ ኖሮ አያውቅም። እኔን መጀመሪያ ያሳሰበኝ ግድግዳዬ ነው።

ቤቴ የቀበሌ ቤት ነበር። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ አልጋ፣ አንድ እኔ። እዚያች ክፍል ውስጥ ሰው እጁን ዘርግቶ ቢያፋሽክ አንዱ እጁ ከግድግዳ፣ ሌላው ከበሩ ይላተማል። ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተመረገ ሆኖ በላዩ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ሥራ ስፈታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የአምናውን ዜና አነብ ነበር። የግድግዳ ዜና ጥሩነቱ አይለዋወጥም። ችግሩ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነው። ከጣራው ጀምሮ እስከ ወገቤ ድረስ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ በበጋ ጣት ያሳልፋል፣ በክረምት እጅ። ከስንጥቁ ማዶ የጎረቤቴ የእትዬ ዘነበች ቤት አለ።

ሐቁን ለመናገር ስንጥቁን ተጠቅመንበታል። እትዬ ዘነበች ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ራቅ ብለው የሚኖሩ ብቸኛ ሴት ናቸው። ክብሪት ሲያልቅባቸው «አለህ?» ይሉና ሁለት ጣታቸውን በስንጥቁ ብቅ ያደርጋሉ፤ እኔ ክብሪቱን አቀብላለሁ። ሳስነጥስ ከወዲያ «ይማርህ» ይላሉ። ሽንኩርት ሲወደድ እሳቸው ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ሆነን አብረን እንናደዳለን። እንዲህ ተቻችለን ስድስት ዓመት ኖርን፤ እኔ አልማዝን እስካየሁ ድረስ።

አልማዝ ሽሮ ሜዳ የአባቷን ሸማ የምትሸጥ ልጅ ናት። አባቷ ጋሽ ዋዳ ከጋሞ መጥተው እዚያ ሰፈር መሸመን ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የእሳቸውን ነጠላ የሚያውቅ ሰው ጫፉን በጣቱ አሸት አድርጎ «የዋዳ እጅ ነው» ይላል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ለእናቴ አንድ ነጠላ ልገዛ ነበር። አልማዝ ነጠላውን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ነጠላውን አላየሁትም። በወሩ እናቴ ሌላ ነጠላ አስፈለጋት። በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ። አራተኛው ነጠላ ሲደርሳት እናቴ ደንግጣ «የምሞትበትን ቀን ማን ነገረው?» ብላ ከገጠር ሰው ላከች።

አልማዝ ግን ገብቷታል። አምስተኛውን ልገዛ ስሄድ ነጠላውን ሳትዘረጋ ቀና ብላ አየችኝና «ለመሆኑ እናትህ ስንት ትከሻ ነው ያላቸው?» አለችኝ። በዚያው ተግባባን።

ሽማግሌ ላክሁ። የእኔ ሽማግሎች፣ እግዜር ይይላቸውና፣ የሸማኔ ልጅ መጠየቃቸው እንደ ውለታ የሚቆጠርላቸው መስሏቸው ነበር። ያን ጊዜ በየስብሰባው «ሸማኔውም አንጥረኛውም እኩል ነው» ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል። እጅ ያጨበጭባል እንጂ ሆድ የራሱን ያውቃል። ጋሽ ዋዳ ደግሞ ይህ የሚጠፋቸው ሰው አይደሉም። በመጀመሪያው «አስብበታለሁ» ብለው መለሷቸው። በሁለተኛው «ገና እያሰብኩ ነው» አሉ። በሦስተኛው «እኔ ክር እንኳ የምገዛው አይቼ ነው። ልጄ የምትገባበትን ቤት በዓይኔ ሳላይ ቃል አይወጣኝም። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ እመጣለሁ» አሏቸው።

ሽማግሎቹ ደስ ብሏቸው መጡ። እኔ ዞር ብዬ ግድግዳዬን አየሁ። ወሩ ነሐሴ ነው። በነሐሴ ግድግዳ የመረገ ሰው እስከ መስቀል ድረስ ከእርጥብ ጭቃ ጋር ነው የሚኖረው። መጋረጃ ልጋርድ አሰብኩ፤ ግን መስኮት በሌለበት ግድግዳ ላይ መጋረጃ ያየ አማት ገልጦ ሳያይ አይሄድም። ልጅቷን ከእኔ የሚለያት ያ ስንጥቅ ሆኖ ታየኝ። አልማዝን የማጣት ነገር ሲመጣብኝ እንጀራ አልወርድልህ ይለኝ ነበር፤ አልቀልድም።

ሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤት ውስጥ ወሬ ሰማሁ። ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ኮንትራቱ አልቆ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ይሸጣል አሉ። ከሥራ ወጥቼ እያለከለክሁ ብደርስ አልጋው ሄዷል፣ ፍሪጁ ሄዷል፣ የውሻው ቤት እንኳ ተሽጦ ውሻው ብቻ ቆሟል። ግድግዳ ተደግፎ የቀረ አንድ ነገር ነበር፦ ወርቅ በመሰለ ክፈፍ የተያዘ፣ መስታወት የለበሰ፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚመጣ ሥዕል። ከሥዕሉ በፊት መጠኑን አየሁ። በዓይኔ ለካሁት። ከስንጥቁ ይበልጣል።

ጠጋ ብዬ ሳየው አረንጓዴ ጠብታ፣ ሰማያዊ ጠብታ፣ ነጭ ጭረት፣ እዚህም እዚያም ቢጫ ነጠብጣብ ነው።

«ዝናብ አበላሽቶት ነው?» አልኩት የሚሸጠውን ዘበኛ።

«ደህና ነው። አንተ ቀርበህበት ነው» አለኝ። «እስቲ እስከ ግቢው በር ሂድ።»

ሄድኩ።

«አሁን ዙር።»

ዞርኩ። አንዲት ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ያደረገች ሴት አትክልት ቦታ መሐል ቆማለች። የሕፃን ልጅ እጅ ይዛለች። ፀሐይ በቅጠሉ መሐል እየሾለከች ቀሚሷ ላይ አርፋለች። የቤቱ እመቤት የወጡ መስሎኝ እጅ ልነሣ ጎንበስ ብዬ ነበር።

«እንዲህ ነው የሚሥሉት» አለ ዘበኛው። «ጌታዬ እንደነገሩኝ ዋናው ሥዕል አገራቸው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ በዘበኛ ይጠበቃል። ይሄ በማተሚያ የወጣ ግልባጩ ነው።» ትንሽ አሰበና «ይሄንንም ቢሆን እኔ ስጠብቀው ነው የኖርኩት» አለ።

ዋጋውን አልነግራችሁም። ለማንም አልነገርኩም።

ከዚያ መሸከም መጣ። የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ መስታወቱን ሲያይ በሩን ዘጋብኝ። ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ሥዕሉን በነጭ ጋቢዬ ጠቀለልኩትና ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። ትልቁ ሞኝነቴ ይህ ነው። በእኛ ሰፈር ትልቅ ክፈፍ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲሄድ ምን እንደሆነ ማንም ማንንም አይጠይቅም። አንዲት ሴት ከመንገዱ ወርደው ሰገዱ። ወጣቶች ሲጋራቸውን ጣሉ። «ኧረ የማርያም ሥዕል አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩና የቀረውን እንዴት እንደምል ጠፋኝ። «የፈረንጅ ሴት ናት፣ ለስንጥቅ መሸፈኛ ነው» ይባላል? መንገዴን ቀጠልኩ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ራሳቸውን ለዝናቡ ሰጥተው፣ «ብቻህን ይሄን በረከት ትሸከማለህ? አጋራኝ እንጂ» ብለው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።

«ወደ ቁስቋም ነው?» አሉኝ ጥቂት እንደሄድን።

«ወደዚያው ግድም ነው አባቴ» አልኩ። ቤቴ ወደዚያው ግድም ነውና ውሸት አይባልም።

መታጠፊያው ላይ ስንለያይ ጋቢውን ተሳልመው «በጸሎትህ አስበኝ» አሉኝ። ያን ማታ አሰብኳቸው። ዛሬም በዝናብ ባዶ ራሱን የሚሄድ ሽማግሌ ሳይ አስባቸዋለሁ፤ አፍራለሁም።

ሚስማር መታሁ። የመጀመሪያው ገባና ጭቃው ውስጥ ጠፍቶ ቀረ። ሁለተኛው እትዬ ዘነበች ቤት ወጣ፤ «ኧረ ዓይኔን» ሲሉ ሰማሁ። በመጨረሻ ሥዕሉን ከጣራው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠለጠልኩት። ስንጥቁ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደስ ብሎኝ ሥዕሉን ልይ ብዬ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ብል ጀርባዬ ከበሩ ጋር ተጋጨ። ቤቱ አለቀ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ ጠብታና ጭረት ብቻ ነው። ሴትዮዋን ለማየት በሩን ከፍቼ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ የጋራው ቧንቧ ጋ በዝናብ መቆም ነበረብኝ። ሰው ሥዕል የሚሰቅለው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊያየው ነው፤ እኔ ለቧንቧው ሰቀልኩለት።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዘነበች «አለህ?» ብለው ጣታቸውን ቢሰዱ ጣታቸው ከሥዕሉ ጀርባ ካርቶን ጋር ተጋጨ።

«ምንድን ነው የዘጋህብኝ?» አሉ።

ሥራ ረፍዶብኝ ስለነበር «ኋላ እነግርዎታለሁ እትዬ» ብዬ ወጣሁ። በኩርፊያ ሕግ «ኋላ» ማለት ስድብ ነው። ስመለስ ሰላምታዬን አልመለሱም። ደጃፌ ላይ ቢደርሱም ወደ ውስጥ ላለማየት አንገታቸውን ያዞራሉ፤ ግን አንገታቸው ሳይዞር በፊት ዓይናቸው ቀድሞ ያያል። የሚያዩት ደግሞ ከቧንቧው ነው። እኔ ጠዋት በሩን ከፍቼ ፊቴን ስታጠብ፣ በዚያ በነሐሴ ጭፍግግ ያለ ብርሃን፣ ከጨለማው ክፍሌ ውስጥ አንዲት ነጭ ለባሽ ሴት ልጇን ይዛ ቆማ ትታያለች። ይህን እኔ አላሰብኩትም። ሥዕል መሆኗን ስለማውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት አሉ፤ መንገዳቸው በግቢያችን ነው። ረቡዕ ጠዋት ሸክማቸውን ደገፍ አድርገው ወደ በሬ ዞሩና «እንዴት አደርሽ እመቤት?» አሉ። እኔ ፊቴ ሳሙና ስለነበር የጠሩት እትዬ ዘነበችን መሰለኝ። መልስ ሲያጡ «ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ ጆሮው ይደነቁራል?» ብለው እየተቆጡ ሄዱ።

በዚያው ቀን ከሥራ ስመለስ ደግሞ የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ጓድ መርሻ ስለ ስብሰባ ሊያሳስበኝ መጣ። ቤት ገብቶ፣ አፍንጫው ሥዕሉን ሊነካ እስኪደርስ ቆሞ «ይሄ ምንድን ነው ጓድ?» አለኝ። ከቅርብ ምንም ስለማይመስል ያሻኝን ማለት እንደምችል ገባኝ።

«አዝመራ ነው» አልኩ። «አረንጓዴው ማሳው ነው። ነጩ የተለቀመው ጥጥ።»

«ገበሬዎቹስ?»

«ምሳ ሄደዋል።»

«ጥሩ ነው» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ተሰናብቶ ወጣ። ቧንቧው ጋ ሲደርስ አንድ የረሳው ነገር ሊነግረኝ ዞረ። አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ጓድ፣ ይቺ ሴት ከየት መጣች?»

«እ... ማለቴ፣ ተቆጣጣሪ ናት» አልኩ።

«ባርኔጣ አድርጋ፣ ልጅ ይዛ?»

«ልጁን የምትተውበት መዋያ አጥታ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ጻፈ። «አጥንቼው እመለሳለሁ» ብሎኝ ሄደ። ያን ጊዜ «አጥንቼው እመለሳለሁ» የተባለ ሰው የሚተኛው እንቅልፍ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለካ የሚያስፈራው ጓድ መርሻ አልነበረም። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ሽሮ ሜዳ ብቅ አልኩ። አልማዝ ነጠላ እያጠፈች ነበር። ሳታየኝ ሁለት ነጠላ አጠፈች፤ ያጠፈችውን መልሳ ዘርግታ እንደገና አጠፈች።

«ሴትዮዋ ማናት?» አለችኝ።

«የቷ ሴትዮ?»

«ባርኔጣ የምታደርገው። ልጅም አላት አሉ።»

ሳቅሁ። ሳቅ ጊዜ አለው፤ ያ ጊዜው አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሥዕል ናት አልማዝ፤ ሙች፣ ሥዕል ናት» አልኩ።

«ሥዕል? እንጨት ተሸካሚዋ ‹ሰላም ብላት ኮርታ ዘጋችኝ› ነው የሚሉት። ጎረቤትህም ‹ከሰኞ ጀምሮ ቀዳዳ እየደፈነ የሚሸሽጋት ሴት አለችው፤ ከነልጇ አይቻታለሁ› ብለዋል። ሰፈሩ ሁሉ አይቷታል። ሥዕልን ሰፈር ሁሉ ከውጭ ሆኖ ያየዋል?»

ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳት? የሰቀልኩት ሥዕል ከውስጥ አይታይም፣ ከውጭ ብቻ ነው የሚታየው ብላት ማን ያምነኛል?

«አባዬ ሰምቷል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቅዳሜን አይጠብቅም፤ ነገ ጠዋት ይመጣል። ሴት ካገኘ ሽማግሎችህን ደግመህ አትላክ። እኔም በቃ፣ አልለምነውም።»

ወደ ቤቴ ስወርድ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ሥዕሉን ላንሣው? ባነሣው ስንጥቁ አፉን ከፍቶ ይቀበላቸዋል፤ በዚያ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ያያት ሴት ሌሊቱን ከተሰወረች ሸሸጋት ማለት ነው። ብተዋትም ከደጅ ሴት አለች። ባስቀምጣት ሴት ያለኝ፣ ባወጣት ሴት የደበቅሁ ሰው ነኝ። ሴት ሳይኖረው በሴት የሚጨነቅ ወንድ በጉለሌ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ተውኳት።

ዓርብ ማለዳ ጋሽ ዋዳ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ግቢው ባዶ አልነበረም። እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ ቆመው ምንም የሌለበት ሰፌድ ያበጥራሉ። ጓድ መርሻም አጥንቶ ተመልሷል፤ ከባለቤቱ ጋር ቧንቧው ጋ ቆሟል።

«ባለቤቴ ከዚህ ሆና ማየት ፈልጋ ነው» አለኝ አፍሮ። ባለቤቱ እሱን ትታ ወደ በሬ እያየች «ቀሚሱን እንዲህ አሰፋልሻለሁ ብለኸኝ ነበር» አለችው።

ጋሽ ዋዳ ቧንቧው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሴትዮዋን አዩ፤ ልጁንም አዩ።

«ደህና አደሩ ጋሼ» አልኩ።

«እሷ ናት?» አሉ።

«ሥዕል ናት ጋሼ።»

ወደ በሩ ገሠገሡ። ገቡ። ሴትዮዋ የለችም። ግድግዳውን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ ከአልጋዬ ሥር ከዘራቸውን ሰደዱ፤ ከአልጋው ሥር ለአንድ ዓመት የፈለግሁት ማንኪያ ወጣ። «የት ገባች?» አሉኝ። ልመልስ ስል ወጥተው ቧንቧው ጋ ደረሱ። ሴትዮዋ ቆማለች። ተመልሰው ሮጥ ብለው ገቡ፤ የለችም። ሦስተኛ ጊዜ ግን አልቸኮሉም። ከቧንቧው ተነሥተው አንድ አንድ እርምጃ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ መጡ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ወደ ፊት አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ወደ ኋላ።

ከዚያ ሳቁ። ጋሽ ዋዳ ሲስቁ ያን ቀን መጀመሪያ አየሁ።

«አልማዝ ሕፃን ሆና እኔ የመሸመኛ ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ ጥለት ስሠራ ‹አባዬ ምንድን ነው?› ትለኝ ነበር» አሉ። «‹እኔ የማየው ክር ነው ልጄ፤ ሲያልቅ ሩቅ ሄደን እናየዋለን› እላት ነበር። ይሄን የሠራው ሰውዬ የእኛ ሙያ አለበት።» ጠጋ ብለው መስታወቱን በጣታቸው ነኩ። «ቀሚሷ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ ነው ጋሼ።»

«እስቲ ነጩን አሳየኝ።»

ቀረብኩ። ሰማያዊ አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ አለ። እምላለሁ ያልኩበት ነጭ ጠፋ።

«ጥላ ያረፈበት ነጠላ ነጭ አይደለም» አሉ። «ይሄን ለሰው ስናገር ‹ጋሽ ዋዳ ዓይናቸው ደክሟል› ይላሉ። ሰውዬውም አይቶታል።» ፊታቸው በራ። ሠላሳ ዓመት ብቻቸውን ያዩትን ነገር የሚያይ ሰው፣ በማያውቁት አገርም ቢሆን፣ አገኙ። እኔም ደስ አለኝ፤ ያለቀልኝም መሰለኝ።

ዞሩብኝ።

«አንተ ልጄን ያየሃት ከየት ሆነህ ነው?»

«ገበያ ነው ጋሼ።»

«ከዚያ» አሉና በከዘራቸው ቧንቧውን አሳዩኝ። «ከዚያ ሲታይ የማያምር ማን አለ? እሷም አንተን ያየችህ ከዚያው ነው። ቤት ግን ይሄን ያህል ቅርብ ናት» ብለው መዳፋቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ ከዚህ ሆና ምን ልታይ ነው?»

መልስ ፈለግሁ። ደመወዝ፣ ጠባይ፣ ትምህርት፣ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ከሩቅ የሚያምር ሆነብኝ። ገመዱን ፈታሁና ሥዕሉን አወረድኩት።

«ይሄን ታያለች» አልኩ።

ስንጥቁ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም በሁለቱ ሚስማር ሰፍቷል። ውስጡ አንድ ዓይን አለ። ሰፌድ ሲያበጥሩ የነበሩት ሴትዮ መቼ ገብተው እዚያ እንደደረሱ አላውቅም።

«እትዬ ዘነበች» አልኩ።

«አቤት» አለ ዓይኑ።

ጋሽ ዋዳ ጎንበስ አሉ። «ጎረቤቱ ነዎት?»

«ነበርኩ።»

«ስንት ዓመት?»

«ስድስት።»

«እንግዲያው ከሁሉ ቀርበው ያዩት እርስዎ ነዎት። ይሄ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

በእኛ አገር ልጅ ሲዳር የሙሽራው ጠባይ የሚጠየቀው ከጎረቤቱ ነው። የሽማግሌ ምስክር ለወግ ነው፣ የጎረቤት ምስክር ግን ሠርግ ያፈርሳል። የእኔ ጎረቤት ደግሞ ካኮረፉኝ አራተኛ ቀናቸው ነው። ዓይኑ ከስንጥቁ ጠፋና በቦታው አፍ መጣ።

«ያንኮራፋል» አለ አፉ። «ሽሮ ያሳርራል። ሲዘፍን ዜማ አያውቅም። ሰኞ ለት ቀዳዳዬን ዘግቶብኛል፤ ‹ኋላ› ብሎኝ ሄዷል።»

«ሌላስ?» አሉ ጋሽ ዋዳ።

አፉ ከስንጥቁ ፈቀቅ አለ። እኔ ግድግዳዬ ላይ ያለ የአምና ዜና አነብ ነበር፤ ምን እንደሚል ዛሬ ብትጠይቁኝ አንድ ቃል አላስታውስም።

«አምና ብርድ መትቶኝ የወደቅሁ ጊዜ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ድምፃቸው ወርዶ፣ «ልጆቼ አልደረሱልኝም ነበር። ይሄ ልጅ በዚህች ቀዳዳ ‹አሉ ወይ እትዬ?› እያለ ሲጠራኝ ነው ያነጋው። ‹አለሁ› ስለው ዝም ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ‹አሉ ወይ?› ይላል። መልስ እንዳላጓድልበት ብዬ ነው ያልሞትኩት። ሴትም የለችውም። እኔ ተናድጄ ነው ያወራሁት፤ ይቅር ይበለኝ።»

እኔ ያንን ሌሊት ረስቼው ነበር። ደግሞስ ደግ ሆኜ አልነበረም የጠራኋቸው፣ ፈርቼ ነው።

ጋሽ ዋዳ ከግድግዳው ቀና አሉ። ሥዕሉን አልጋዬ ላይ በጥንቃቄ አስተኙልኝ። ከዚያ «ዙርልኝ» አሉኝ። ዞርኩ። ክንዳቸውን ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ ጀርባዬ ላይ አሳረፉ፤ ከትከሻዬ ጀምረው ወደ ታች፣ አንድ፣ ሁለት እያሉ በለሆሳስ ይቆጥራሉ። አልማዝ አንድ ቀን እንደነገረችኝ ጋሽ ዋዳ ለገዢ ጋቢ ሲሠሩ ማንንም አይለኩም፤ በክንዳቸው የሚለኩት ለቤታቸው ሰው ሲሠሩ ብቻ ነው። መዞር ፈራሁ።

ተረከዜ ላይ ሲደርሱ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ።

«ረዥም ነህ» አሉኝ እየተነጫነጩ። «ድር ትፈጃለህ።»